ዘር ከልጓም ይስባልን?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ባለፈው የጥቅምት ወር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋራ ሆኜ ለአንድ ጎልማሳ ሚስት ለመጠየቅ ወደ አንድ ቤት ሄጄ ነበር። የልጅቱ አባት በክብር ተቀብለውን፥ ቡና አስፈልተው፥ የመጣንበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «የልጁን ጠባይ አልነቅፍም፤ ትምህርቱንም ሥራውንም ጠይቄ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ዘራቸው ስኳር አለበት። አያቱ በስኳር ሞቱ፤ አባቱም እግሩን ተቈረጠ። ዘር ከልጓም ይስባል ይላል ያገራችን ሰው። ነገ የልጅ ልጆቼ መርፌ ሲወጉ ለማየት ልጄን አልሰጥም።» ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው፥ «እርስዎ መምህር ነዎት፤ ሴት ልጅም አለችዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎ ቢሆኑ ይሰጡ ነበርን?» አሉኝ።

እኔም ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልሁም። «ጊዜ ይስጡን፤ እንመለሳለን» ብለን ወጣን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። «እሰጥ ነበር» ብል ለወዳጄ ልጅ ስል የዋሸሁ መሰለኝ፤ «አልሰጥም» ብል ደግሞ አንድን ሰው ባልሠራው ነገር የፈረድሁበት መሰለኝ። ስለዚህ መጻሕፍቴን አወጣሁ፤ የሚያውቁትንም ሰዎች ጠየቅሁ። ያገኘሁትንም እነሆ ለእናንተ እጽፋለሁ፤ እናንተም አንድ ቀን ወይ ትጠይቃላችሁ፥ ወይ ትጠየቃላችሁና።

የልጁን አባት ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተማርን፤ እርሱ ሒሳብ፥ እኔ ሳይንስ። ረዥምና ቀጭን፥ ኮቱ በመስቀያ ላይ የተሰቀለ የሚመስል ሰው ነው። አንድ ዓመት ላይ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚቀመጠውን አንድ ጆግ ውሃ ብቻውን ይጨርስ ጀመር። ትምህርቱን ሳይፈጽም እያቋረጠ ወደ ውጭ ይወጣል። «በሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን እኔው ራሴ ማንበብ አቃተኝ» ይለን ነበረ። አንድ ቀን ከሁሉ ፊት «ምናልባት ስኳር ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የሳይንስ መምህር ነኝ ባይ እየሳቅሁ፥ «ስኳር የሚይዘው ቦርጫሙን ነጋዴ ነው፤ አንተን እንደ ሸንበቆ የቀጠንኸውን ምኑን ብሎ ይይዝሃል?» አልሁት። የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እርሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይመረመር ቀረ። በመጨረሻ ከጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ያቈሰለው እግሩ አልሽር ብሎት ወደ ሐኪም ሲሄድ ስኳሩ ተገኘ፤ ሁለት የእግር ጣቶቹም ተቈረጡ። (እግሩን ተቈረጠ የሚባለው ወሬ ነው። ወሬ እንደ ልማዱ ሁለቱን ጣት እግር አደረገው።)

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ከጨጓራ በስተኋላ ቆሽት የሚባል ዕቃ አለ። ከዚያ የሚመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ቅመም፥ ከምግብ ወደ ደም የገባውን ስኳር ጡንቻና ሌላው የሰውነት ክፍል ተቀብሎ እንዲጠቀምበት ያዝዛል። ይህን ቅመም በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ከባልደረቦቻቸው ጋራ ለይተው አወጡት፤ በሚከተለውም ዓመት ለሞት የቀረበ የ14 ዓመት ልጅ በእርሱ ታከመና ነፍስ ዘራ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1936 ደግሞ ሂምስዎርዝ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ከስኳር በሽተኞች መካከል አንዳንዶቹ ኢንሱሊን ሲሰጣቸው ስኳራቸው ፈጥኖ ይወርዳል፤ የሌሎቹ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። የእነዚህ ችግር ትእዛዙ መጥፋቱ ሳይሆን ሰውነታቸው ትእዛዙን እንቢ ማለቱ ነው። አንድ አባት ልጆቹን ሲጣራ ዝም ቢሉት ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ፥ ቆሽትም ኢንሱሊኑን እየጨመረ ብዙ ዓመት ይጮኻል፤ እስከዚያም ድረስ የደሙ ስኳር ደኅና ይመስላል። ጉሮሮው ሲዘጋ ያን ጊዜ በሽታው ይገለጣል። ሰውነትን እንዲህ እንቢተኛ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናዎቹ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ሞራና ሥራ የፈታ ጡንቻ ናቸው። በ1988 ሪቨን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ደም ብዛት፥ የደም ውስጥ ስብ መበላሸትና የስኳር መብዛት ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከአንድ ሥር አብረው እንደሚበቅሉ አስተማረ።

ይህ እንቢታ በሕዝቦች ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ነውን? አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ የሁለት ሐኪሞች ፎቶግራፍ ናቸው። በ2004 ያጅኒክ የተባለው ሕንዳዊ ከፑኔ ከተማ፥ ዩድኪን የተባለውም እንግሊዛዊ ከለንደን፥ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የገዛ መልካቸውን ጐን ለጐን አወጡ። ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት የሚገኘው ቍጥር ለሁለቱም 22.3 ነበረ። በዚህ ሚዛን ሁለቱም ያልወፈሩ ጤነኞች ናቸው። ስባቸው በተለካ ጊዜ ግን የእንግሊዛዊው ከመቶ 9.1፥ የሕንዳዊው ከመቶ 21.2 ሆኖ ተገኘ። በሸሚዝ ውስጥ አንድ የሚመስሉ ሰዎች በሥጋቸው ውስጥ እንዲህ ይለያያሉ። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት የጠራቸው ሊቃውንት፥ ለአውሮፓ ሰው 25 ላይ የሚጀምረው ማስጠንቀቂያ ለእስያ ሰዎች ከ23 እንዲጀምር መከሩ። በ2022 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ይህን ዝቅ ያለውን ልክ የአፍሪካ ዘር ላላቸው ሰዎችም አደረገው። ከዚህም ሌላ፥ የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ሰውነት ለኢንሱሊን እንቢ እያለም እንኳ የደም ስብ ምርመራው ብዙ ጊዜ ደኅና ይመስላል፤ በአውሮፓ ሰዎች የተለካው ምልክት እነዚህን ሳያያቸው ያልፋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ የማረፊያ ክፍል ሣቅ ትዝ አለኝ። እኔ በወዳጄ ላይ የፈረድሁት በክፋት አልነበረም፤ በሌላ ሕዝብ ሰውነት ላይ በተለካ ሚዛን ነው። አንዳንድ ደግ ሰዎች በሕዝብና በሕዝብ መካከል የሥጋ ልዩነት አለ ሲባል ይቈጣሉ፤ የሰውን እኩልነት የሚያፈርስ ይመስላቸዋልና። ቍጣቸው ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ፤ ባለፉት ዘመናት ልዩነት የተቈጠረው ለማዋረድ ነበረ። ነገር ግን እኩልነት ማለት ሰውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ጫማ ማስገባት አይደለም። ወዳጄ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ጣቶቹ ባልተቈረጡ።

እንግዲያስ ልዩነት ካለ የልጅቱ አባት ነገር ልክ ነው ማለት ነውን? ለዚህ መልስ ከአገራችን እጅግ ርቀን ወደ አሜሪካ ምድረ በዳ እንሂድ፤ በስኳር በሽታ ምክንያት ከማንም ይልቅ ስሙ በሐኪሞች መጽሐፍ የተጻፈ አንድ ሕዝብ በዚያ ይኖራልና።

በአሪዞና ክፍለ ግዛት በሂላ ወንዝ ዳር ፒማ የሚባሉ የአገሩ ጥንታውያን ሰዎች አሉ። በገዛ ቋንቋቸው ስማቸው አኪሜል ኦኦዳም ነው፤ የወንዝ ሰዎች ማለት ነው። ስማቸው ሥራቸውንም ይናገራል፤ ከጥንት ጀምሮ ቦይ እየቈፈሩ፥ ወንዙን ወደ እርሻ እየመሩ፥ በቆሎና ባቄላ፥ ዱባና ጥጥ፥ ኋላም ስንዴ ያበቅሉ ነበረ። ከ1849 ጀምሮ ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ የሚጐርፈው መንገደኛ በረሃውን አቋርጦ ሲደርስ ከሞት የሚያድነው የፒማዎች ስንዴና ውሃ ነበረ። ለአሜሪካ ሠራዊትም እህል ይሸጡ ነበረ። ጠግበው ሌላውን የሚያበሉ ሕዝብ ነበሩ ማለት ነው።

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን ነጮቹ ሰፋሪዎች ከወንዙ በላይ በኩል ሰፍረው ውሃውን ወደ ራሳቸው እርሻ ጠለፉት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከድርቁ ጋራ ተጨምሮ ወንዙ ባዶ አሸዋ ሆነ። ቦዩ ደረቀ፤ እርሻው ጠፋ፤ ለመንገደኛ እንጀራ ይሰጡ የነበሩት ራሳቸው በረሀብ ተመቱ። መንግሥትም የዕርዳታ ቀለብ ይሰፍርላቸው ጀመር፤ ነጭ ዱቄት፥ የአሳማ ስብና ስኳር። በ1930 በወንዙ ላይ ትልቅ ግድብ ተመረቀ፤ የወንዙ ሰዎች ግን የሚበቃቸውን ውሃ በእርሱም አላገኙም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጐበኛቸው ሐኪም በመካከላቸው ያየው የስኳር በሽተኛ አንድ ብቻ ነበረ። ከ1965 ጀምሮ ግን የአሜሪካ መንግሥት ሐኪሞች ሕዝቡን በየጊዜው እየመረመሩ ሲከታተሉ፥ በ1971 ባወጡት ጽሑፍ ዕድሜአቸው 35 ከሞላና ካለፈ ፒማዎች እኩሌታው በስኳር የተያዘ መሆኑን አስታወቁ። አንባቢ ሆይ፤ እኩሌታው ነው ያልሁት። እንዲህ ያለ ቍጥር ከዚያ በፊት በየትም አልታየም ነበረ።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው ተባለ? በ1962 ኒል የተባለ የዘር ሊቅ ስለ ስኳር በሽታ ጠቅላላ አንድ ብልኅ ግምት አቅርቦ ነበር። በጥንት ዘመን ጥጋብና ረሀብ በሚፈራረቁበት ኑሮ፥ በጥጋብ ቀን ፈጥኖ ስብ የሚያከማች ሰውነት ያለው ሰው ረሀቡን ያልፋል፤ ያው ቈጣቢነት በዘመናችን ጥጋብ በየቀኑ በሆነ ጊዜ በሽታ ሆነ፤ የሚል ነው። ሌሎች ይህን ግምት ወስደው በፒማ ላይ አሳረፉት። ከዚያም በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ፒማ ማለት ደሙ ለስኳር የተፈጠረ ሕዝብ ተደርጎ ተጻፈ። እኔም በተራዬ ለተማሪዎቼ እንዲሁ አስተምሬአለሁ።

የዚህን ትምህርት ጉዳት ያኔ አላየሁትም፤ አሁን አየዋለሁ። ደሙ ከተከሰሰ ወንዙን የወሰደው ነጻ ይወጣል። ረሀቡ፥ የደረቀው ቦይ፥ የአሳማ ስቡ ቀለብ ሁሉ ይረሳና፥ የተበደለው ሰው የገዛ ሥጋው ጥፋተኛ ይሆናል። ይልቁንም የሚያሳዝነው ተበዳዩ ራሱ ይህን አምኖ መቀበሉ ነው፤ ልጆቹ «አያቴም እናቴም ነበረባቸው፤ እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ» ማለት ይጀምራሉ።

ነገሩ ግን በሌላ መንገድ ተፈተነ። ከሂላ ወንዝ በስተደቡብ፥ ከድንበሩ ማዶ፥ በሜክሲኮ አገር በሶኖራ ተራሮች ላይ ማይኮባ የሚባል መንደር አለ። በዚያ የሚኖሩት ደግሞ የእነዚሁ የፒማዎች የሥጋ ዘመዶች ናቸው። መሬታቸውን በእጃቸው ያርሳሉ፥ እንጨት ይቈርጣሉ፥ ተራራ ወጥተው ይወርዳሉ፤ ምግባቸውም ባቄላ፥ የበቆሎ ቂጣና ድንች ነው። ሐኪሞች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደዚያ ወጥተው መረመሯቸው። በ2006 የታተመው ውጤት ይህ ነው፤ በአሪዞናዎቹ ፒማዎች ዘንድ የስኳር በሽታ ከመቶ 38፥ በማይኮባዎቹ ግን ከመቶ 6.9 ሆነ። በዚያው መንደር ከሚኖሩት ፒማ ካልሆኑት ጎረቤቶቻቸው መካከል የተያዙት ከመቶ 2.6 ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹም የሁለቱን ጎረቤታሞች ልክ የተቀራረበ ነው ብለው ቈጠሩት። አንድ ዘር፥ ሁለት መንደር። በአንደኛው ወንዙ ተወሰደ፤ በሁለተኛው ተራራው ቀረ።

ከዚሁ ከፒማዎች የተገኘ ሌላም ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ እርሱ ነው። በ2000 የታተመ ጥናት የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆችን አነጻጸረ። እናቲቱ በስኳር ከተያዘች በኋላ የተወለደው ልጅ፥ ከመያዟ በፊት ከተወለደው ወንድሙ ይልቅ በስኳር የመያዙ ዕድል በብዙ እጥፍ በለጠ። ወላጆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለየው ማኅፀኑ ነው፤ ስኳር የበዛበት ደም በማኅፀን ያለውን ሕፃን አስቀድሞ ይለውጠዋልና። ስለዚህ እኛ በዘር ወረደ የምንለው ከፊሉ በእናቲቱ ሕክምና ማጣት የወረደ ነው። ማኅፀን ደግሞ ሊታከም ይችላል።

ስለ ሩቅ ሕዝብ ይህን ያኽል ካልሁ ስለ ራሳችን ሰዎች አንድ ቃል ልጨምር። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፥ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሆነው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። በአገራቸው ሳሉ ገበሬዎችና አንጥረኞች፥ ሸክላ ሠሪዎች፥ በእግር የሚሄዱ ቀጭን ሰዎች ነበሩ፤ ስኳር የሚባል በሽታ በመንደራቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። በ1988 የወጣ ጥናት፥ ከገቡ ገና ጥቂት ዓመት ከሆናቸው ወጣት ጎልማሶች መካከል ያልተጠበቀ ብዙ የስኳር በሽተኛ መገኘቱን አስታወቀ። ከዚያም ወዲህ የተደረገው ጥናት፥ ሌላው እስራኤላዊ በሚወፍርበት ልክ ሳይወፍሩ በሽታው እንደሚይዛቸው አሳየ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ዘራቸው በአውሮፕላኑ ውስጥ ተለወጠን? አልተለወጠም። ነጭ ዳቦው፥ ለስላሳ መጠጡ፥ አውቶቡሱ፥ ሥራ ማጣቱና የባይተዋርነት ሐዘኑ አዲስ ሆነ። ሰውነታቸው ልዩ ነው የሚለውና ኑሮው አሳመማቸው የሚለው ነገር ሁለቱም በአንድነት እውነት ናቸው። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ካላወቀ ቀጭኑን ሰው ሳይመረምር ይሰደዋል፤ እኔ ወዳጄን እንደ ሰደድሁት። ሁለተኛውን ካላወቀ ደግሞ ዕጣ ክፍልህ ነው ይለዋል።

የልጅቱ አባት ግን ሞኝ አይደሉም፤ ለእርሳቸውም የሚከራከር አለ። በግሪንላንድ በሚኖሩ የኢኑዊት ሕዝብ ዘንድ ጡንቻን ለኢንሱሊን እንቢ የሚያሰኝ አንድ የዘር ምልክት መኖሩ በ2014 ታውቋል። ከአባቱም ከእናቱም ይህን የወረሰ ሰው በስኳር የመያዙ ዕድል ከሌላው ዐሥር እጥፍ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ጠንካራ ውርስ በዓለም ላይ ብዙ ባይገኝም፥ አለ። በአንድ ቤትም ውስጥ አባቱ በስኳር የተያዘ ልጅ አባቱ ካልተያዘው ይልቅ ሥጋት አለበት። ስለዚህ ምሳሌው ሐሰት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም፤ ዘር ይስባል። ጥያቄው ልጓሙስ ምን ያኽል ይይዛል የሚለው ነው።

ለዚህ ውጤቱ በ2002 የታተመ፥ በአሜሪካ የተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ መልስ ሰጥቷል። ስኳራቸው ከልክ በላይ መሆን የጀመረ፥ በሽታው ግን ገና ያልያዛቸው 3,234 ሰዎች ተመረጡ፤ እኩሌታ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ጥቁሮች፥ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች፥ እስያውያንና የአገሩ ጥንታውያን ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ክፍል ምግቡን አስተካክሎ ከክብደቱ ከመቶ 7 እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ተመከረ፤ ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ወሰደ፤ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለበት ኪኒንና የተለመደውን ምክር ብቻ አገኘ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ኪኒኑ በሽታውን ከመቶ 31፥ መራመዱና ምግቡ ግን ከመቶ 58 ቀነሰው። ይህም በሁሉም ወገን ላይ እኩል ሠራ። አንዱ ሕዝብ በቀላሉ ይያዛል፥ ሌላው በችግር ይያዛል፤ ልጓሙ ግን የማንንም አፍ አልለየም።

ወጣቶች ሆይ፤ ስለ ሕዝብ ሥጋ የሚነገር ዕውቀት ከሌላው ዕውቀት ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። በአሪዞና በታላቁ ገደል ውስጥ የሚኖሩ ሃቫሱፓይ የሚባሉ ጥቂት ሕዝብ አሉ። በ1990 ስኳር ስለ በዛባቸው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መጥተው ደም ቀዱባቸው፤ እነርሱም መድኃኒት ይገኝልናል ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ያ ደም ግን ሳይነገራቸው ስለ አእምሮ በሽታና እርስ በርስ ስለ መጋባት፥ አባቶቻቸውም ከሌላ አህጉር ስለ መምጣታቸው ለሚደረግ ምርምር ዋለ፤ እነርሱ ግን ከዚያው ከገደሉ እንደ ተገኙ የሚያምኑ ናቸው። በ2003 ነገሩን ሰሙ፤ ከሰሱ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ከፍሎ ለስምምነት በቃ፤ የቀረውንም ደም መለሰላቸው። ሰዎቹም ደሙን ይዘው ወደ ገደላቸው ተመለሱ።  ከሕዝብ ደም የተገኘ ዕውቀት አስቀድሞ የዚያ ሕዝብ ነው ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው። ለሕዝቡ ሳይመለስ ለመጽሐፍ ብቻ ከቀረ፥ ወይም ሌላው ሕዝብ የሚሳለቅበት ከሆነ፥ እውነት ቢሆን እንኳ የተሰረቀ ነገር ነው።

በእኛም አገር ነገሩ እንዲህ እንዳይሆን እፈራለሁ። «ዘር» የምንለው ቃል አንድ ሆኖ ሦስት ነገር ይሸከማል፤ ገበሬው በከረጢት የሚያስቀምጠውን፥ ከአያት እስከ ልጅ የሚወርደውን፥ ብሔር ከብሔር የሚለያይበትንም። ስለ አንዱ ስንናገር ሌላው ሾልኮ ይገባል። በቡና ቤት «የእነ እገሌ ዘር እኮ እንዲህ ነው» ሲባል ከሐኪም ቤት የወጣ ነገር መሆኑ ቀርቶ ንቀት ይሆናል። ከሰው ልጅ የዘር ልዩነት 85 ከመቶ የሚያኽለው በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚገኝ መሆኑን ሉዎንቲን የተባለ ሊቅ በ1972 አሳይቷል፤ በሕዝብና በሕዝብ መካከል ያለው የቀረው ነው። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ልክ ለሐኪም መነሻ ይሆነዋል እንጂ ከፊቱ ለተቀመጠው ሰው ፍርድ ሊሆን አይችልም። ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ራሱ መለካት አለበት።

በየካቲት ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ ቤት ሄድን። በዚህ ጊዜ ከመሄዳችን በፊት ልጁን ለብቻው አነጋገርሁት። «ተመርምረህ ታውቃለህን?» አልሁት። «አይ ጋሼ» አለኝ፤ «ምን ያደርግልኛል? የአባቴ ነገር በእኔም መድረሱ አይቀርም፤ ቢቀር አንድ ቀን በሰላም ልኑር።» ያባቱን ሣቅ በፊቱ አየሁት፤ ያንን እኔን ለማስደሰት አብሮኝ የሳቀውን ሣቅ። ስለ ማይኮባ ነገርሁት፤ ስለ ሁለቱ ሐኪሞችም፤ በመጨረሻም እስከዚያን ቀን ለማንም ያልነገርሁትን፥ ሁለት ዓመት ያስጠፋችው የእኔ ቀልድ እንደ ሆነች ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በማግስቱ ሄዶ ተለካ።

ለልጅቱም አባት ይህንኑ ደገምሁላቸው። «ስለ ጠየቁኝ ነገር» አልኋቸው፥ «እሰጥ ነበር። ነገር ግን ልጄን ‹በየዓመቱ ያስለካ፤ አንቺም ስታረግዢ አስለኪ፤ ወደ ሥራ በእግሩ ይሂድ› ብዬ እነግራት ነበር። ዘሩን አልክድም። የወዳጄን ጣቶች ግን ዘሩ ብቻውን አልቈረጣቸውም፤ እኔም አለሁበት።»

ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያውም መልስ አልሰጡም፤ እኛም አልገፋናቸውም። ልንወጣ ስንነሣ ግን እጃቸውን በቀበቶአቸው ላይ ከወጣው ሆዳቸው ላይ አሳርፈው፥ «ለመሆኑ መምህር፥ ይህ የሚለካው በጾም ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?» ብለው ጠየቁኝ። በጾም መሆኑን ነገርኋቸው። «እስከ ዛሬ ማንም ለክቶኝ አያውቅም» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ የምንሄደው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው።